ባለ ሦስት ሰርቨር የሴፍ ክላስተርን ሥራ ሳይቋረጥ ማሻሻል፦ ደረጃ በደረጃ

«ክላስተሩን ለማሻሻል ቪኤሞቹን ሁሉ ማጥፋት አለብኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከባሕር ዳርም፣ ከእንጅባራም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከደብረ ማርቆስም ደጋግሞ ይመጣል። ክላስተር እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው፤ ቪኤም በሰርቨር ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ኮምፒዩተር ነው፤ ሴፍ ደግሞ ዳታውን በሰርቨሮቹ ዲስኮች ላይ በቅጂ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የኮሌጅ፣ የሆስፒታል ወይም የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰርቨሮችን ብቻውን የሚይዝ ባለሙያ ነው። መልሱ «የለብዎትም» ነው፤ ሦስት ነገሮች ከተሟሉ ግን። ሰርቨሮቹ ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፣ ዳታው በሦስት ቅጂ መቀመጥ አለበት፣ አንዱ ሰርቨር ጤናው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ደግሞ ሁለተኛው መነካት የለበትም። ዳታ አደጋ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሲጣስ ነው፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ሰው ይቸኩላል።

መመሪያው የተጻፈው ቪኤሞቹን የሚያስተዳድረውን ፕሮክስሞክስ 8ን ከሴፍ ጋር ለሚጠቀሙና ወደ ፕሮክስሞክስ 9 መሄድ ለሚፈልጉ ነው። ፕሮክስሞክስ 9 የሚሠራው ስኩዊድ ከሚባለው የሴፍ 19.2 እትም ጋር ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ መጀመሪያ ሴፍ፣ ከዚያ ፕሮክስሞክስ። ሪፍ በሚባለው 18.2 ላይ ካሉ በቀጥታ ወደ ስኩዊድ ይሄዳሉ። ገና ኩዊንሲ በሚባለው 17.2 ላይ ካሉ ግን አስቀድመው ወደ ሪፍ ይሂዱ፤ ከክፍል ሁለት ያሉት እርምጃዎች ለዚያም ያገለግላሉ።

ትእዛዞቹ በስልክ ስንነጋገር እንደምናነብባቸው ተጽፈዋል። ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው፤ «ዳሽ» አጭር ሰረዝ ነው፣ «ዶት» ነጥብ ነው፣ «ስላሽ» ጋድሞ የሚጻፈው መስመር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ዓይነት የፕሮክስሞክስ እትም ላይ ያሉ ሦስት ሰርቨሮች። ከዚህ በኋላ ኖድ 1፣ ኖድ 2 እና ኖድ 3 እንላቸዋለን።
- ከክላስተሩ ውጭ የሆነ የባክአፕ ማሽን ወይም ዲስክ።
- ለእያንዳንዱ ሰርቨር ስክሪንና ኪቦርድ፣ ወይም እንደ አይድራክና አይሎ ያለ የርቀት መቆጣጠሪያ። ኔትወርኩ ሲቋረጥ መግቢያዎ ይኸው ብቻ ነው።
- ሰርቨሮቹንና ስዊቾቹን አብሮ የሚሸከም ዩፒኤስ፣ ነዳጅ የተሞላ ጄኔሬተር።
- ክላስተሩ ውስጥ ካሉት ያላነሰ መጠን ያለው 1 ትርፍ ዲስክ። ዲስክ ሌሊት ቢበላሽ፣ ከአዲስ አበባ አባይ በረሃን አቋርጦ እስኪደርስ ዳታዎ በሁለት ቅጂ ብቻ ይቆያል።
- 2 ትርፍ የኔትወርክ ኬብል፣ የፕሮክስሞክስ 9 መጫኛ ያለበት 1 ፍላሽ።
- በእያንዳንዱ ሰርቨር የሲስተም ዲስክ ላይ ቢያንስ 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታ።
- በወረቀት የተጻፈ የአይፒ አድራሻ፣ የፓስወርድና የኬብል ዝርዝር። ፓስወርዶቹ የተቀመጡት እዚያው ክላስተር ላይ ባለ ቪኤም ውስጥ ከሆነ፣ በሚያስፈልጉዎት ሰዓት አያገኟቸውም።
- ሁለተኛ ሰው። ጄኔሬተር የሚያስነሳና እርስዎ የሚጽፉትን ትእዛዝ ከመግባቱ በፊት የሚያነብ ቢሆን ይበቃል።

ክፍል አንድ፦ ከቀኑ በፊት

1. ቀንና ሰዓት ይምረጡ። የደመወዝ ሰሞንን፣ የተማሪ ምዝገባን እና ሰኔ 30 የሚዘጋውን የበጀት ዓመት መጨረሻ ይተዉ። የሚቻል ከሆነ ክረምቱን ያሳልፉ፤ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ የሚበረታው ያኔ ነው። ሥራውን ለሁለት ሌሊት ይክፈሉት፦ አንዱ ለሴፍ፣ ሌላው ለፕሮክስሞክስ። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ከሠሩ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

የሰዓት አጻጻፍ ላይ ይጠንቀቁ። የሰርቨሩ 21:00 በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ባክአፕ የሚጀምርበት 02:00 ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የሥራ መርሐ ግብሩን በሁለቱም ጽፈው ለሁለተኛው ሰው ይስጡ። በእነዚያ ሌሊቶች የሚነሱ የባክአፕ ሥራዎችን ከ«ዳታሴንተር» ስር ለጊዜው ያጥፏቸው፤ ባክአፕ እየሄደ ዲስኮችን ማስነሳትና መጣል ሁለቱንም ያዘገያል።

2. የክላስተሩን ጤና ይመልከቱ። «ሴፍ ዳሽ ኤስ» ብለው ያስገቡ። «ሄልዝ ኦኬ» ማለት አለበት፣ ፒጂዎቹ በሙሉ ደግሞ «አክቲቭ ፕላስ ክሊን»። ፒጂ ማለት ሴፍ ዳታውን ከፋፍሎ በየዲስኩ የሚያድልበት ቁና ነው፤ እያንዳንዱ ቁና ሦስት ቅጂ አለው። «ክሊን» ያልሆነ አንድ እንኳ ካለ፣ የዚያ ቁና ቅጂ ጎድሏል ወይም ገና ቦታው አልደረሰም ማለት ነውና አስቀድመው ይጠግኑት። በቢጫ ማስጠንቀቂያ ላይ ማሻሻል አይጀመርም።

3. የቅጂውን ቁጥር ያረጋግጡ። «ሴፍ ኦኤስዲ ፑል ኤልኤስ ዲቴይል» የእያንዳንዱን ፑል፣ ማለትም የዳታ ማስቀመጫ ክፍል፣ «ሳይዝ» (የቅጂ ብዛት) እና «ሚን ሳይዝ» (ሥራ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ትንሹ ቅጂ) ያሳያል። የሚፈለገው 3 እና 2 ነው። ሦስት ቅጂ ሲኖር አንድ ሰርቨር ቢወርድ ሁለት ይቀራሉ፤ «ሚን ሳይዝ» 2 ስለሆነ መጻፍም ማንበብም ይቀጥላል። ሳይዙ 2 የሆነ ፑል ካገኙ ወደ 3 ያሳድጉት፣ ኮፒው አልቆ «ክሊን» እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ወደዚህ ይመለሱ። ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

4. ቦታውን ይለኩ። «ሴፍ ኦኤስዲ ዲኤፍ ትሪ» ኦኤስዲ የሚባለው እያንዳንዱ ዲስክ በመቶ ስንት እንደሞላ ይነግርዎታል። ሳይነካ በተተወ ሴፍ ላይ ማስጠንቀቂያው 85 ላይ ይመጣል፣ 90 ላይ ወደ ዲስኩ ማዛወር ይቆማል፣ 95 ላይ መጻፍ ይቆማል። በጣም የሞላው ዲስክ ከ70 በታች ሲሆን ይጀምሩ። ከአራት ዲስክ አንዱ ሲሞት ጭነቱ የሚያርፈው እዚያው ሰርቨር ውስጥ ባሉት ሦስት ዲስኮች ላይ ነው፤ 75 ላይ የነበሩት ሦስት ዲስኮች ያንን ለመሸከም 100 ሊሆኑ ነው።

5. ሜሞሪው በሁለት ሰርቨር ይበቃ እንደሆነ ያስሉ። ይህን ስሌት የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ሰርቨር 128 ጊጋባይት ሜሞሪና 4 ኦኤስዲ አለው እንበል። አንድ ኦኤስዲ 4 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለአራቱ 16። ለሲስተሙ፣ የክላስተሩን ሁኔታ ለሚከታተለው ሞኒተርና ስታቲስቲክሱን ለሚያቀርበው ማናጀር 12 ይተዉ። ለቪኤም የቀረው 100 ነው፤ በሁለት ሰርቨር 200። የቪኤሞችዎ ሜሞሪ ድምር 230 ከሆነ 30 ጊጋባይት ይጎድላል፤ የሙከራና የሥልጠና ቪኤሞችን ለዚያ ሌሊት ያጥፉ። ካላጠፉ ሲስተሙ ሜሞሪ ሲያጣ ራሱ መርጦ ይገድላል፤ የሚገድለው ደግሞ ኦኤስዲ ሊሆን ይችላል።

6. ባክአፕ ይያዙ፣ አንዱን መልሰው ያስነሱ። ሴፍ ላይ የተያዘ ስናፕሾት (የቅጽበት ምስል) ባክአፕ አይደለም፤ ክላስተሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም ቪኤም ከክላስተሩ ውጭ ወዳለው ማሽን ባክአፕ ያድርጉ። ከዚያ ዋናውን የዳታቤዝ ቪኤም በሌላ ቁጥር ሪስቶር ያድርጉ፣ የኔትወርክ ካርዱን አላቅቀው ያስነሱት፣ ገብተው የመጨረሻውን ቀን መዝገብ ይክፈቱ። ካርዱ የሚላቀቀው አንድ አይፒ ያላቸው ሁለት ቪኤሞች እንዳይጋጩ ነው። ከእያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ «ስላሽ ኢቲሲ» የሚባለውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ይቅዱ።

7. መብራት እንደሚሄድ አድርገው ይፈትኑ። ሰርቨሮቹ እያንዳንዳቸው 350 ዋት፣ ስዊቾቹ 100 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 1150 ዋት ነው። ዩፒኤሱ ይህን ጭነት ይዞ ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ቪኤሞቹን በሥርዓት አጥፍቶ ሰርቨሮቹን ለማውረድ የሚያስፈልገው ያህል ነው። በዩፒኤሱ ሳጥን ላይ የተጻፈውን አይመኑ። ከሳምንት በፊት፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ የግድግዳውን ሶኬት ነቅለው በሰዓት ይለኩት፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ባትሪ የሚሰጠው ግማሹን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጄኔሬተሩን አስነስተው ዩፒኤሱን በእሱ ይመግቡት። የአንዳንድ ጄኔሬተር ኃይል ስለሚዋዥቅ ዩፒኤሱ አልቀበልም ብሎ በባትሪ ይቀጥላል። ጄኔሬተሩ እያጓራ ባትሪው እያለቀ ነው ማለት ነው። ይህን በሥራው ሌሊት ማወቅ ዘግይቷል።

8. የሚወርደውን ቀድመው ያውርዱ። ለአንድ ኖድ የሚያስፈልገው ፓኬጅ ከ1 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል፤ ኢንተርኔት የሚቆራረጥ ከሆነ ሦስት ጊዜ ማውረድ ሌሊቱን ይበላዋል። አንድ ማሽን ላይ «አፕት ካቸር ኤንጂ» ቢተክሉ የመጀመሪያው ኖድ ያወረደውን ለሌሎቹ ያቀብላል። ያ ባይሆን በየኖዱ የማሻሻያ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «ዳሽ ዳሽ ዳውንሎድ ዳሽ ኦንሊ» ጨምረው ፓኬጁን ብቻ አስቀድመው ያምጡ። ይህ ምንም አይጭንም። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ መጫን ከተጀመረ በኋላ ኢንተርኔት ቢሄድም ሥራው አለመቆሙ ነው።

9. ሰዓቶቹን ያስተካክሉ። በሞኒተሮች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ከ0.05 ሰከንድ ሲያልፍ ሴፍ «ክሎክ ስኪው» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ሲብስም ሞኒተሮቹ አይግባቡም። በየኖዱ «ክሮኒሲ ትራኪንግ» ብለው ይዩ። ከውጭ የሰዓት ምንጭ ጋር የሚያገናኝ መስመር አስተማማኝ ካልሆነ፣ ሦስቱም ከአንድ የውስጥ ማሽን ሰዓት እንዲወስዱ ያድርጉ።

ክፍል ሁለት፦ ሴፍን ማሻሻል (የመጀመሪያው ሌሊት)

10. «ኖአውት» ያድርጉ። «ሴፍ ኦኤስዲ ሴት ኖአውት»። በተለመደው ጊዜ አንድ ዲስክ ለ10 ደቂቃ ድምፁ ከጠፋ ሴፍ እንደሞተ ቆጥሮ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይጀምራል። እኛ ዲስኩን የምናወርደው መልሰን ልናነሳው ስለሆነ ይህ ትእዛዝ «አትቸኩል፣ ይመለሳል» ማለት ነው።

ከዚህ ጀምሮ «ሴፍ ዳሽ ኤስ» ሌሊቱን ሙሉ «ሄልዝ ዋርን» ይላል፤ ምክንያቱም «ኖአውት ፍላግ ሴት» የሚለው ራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጠራል። «ኦኬ እስኪል ልጠብቅ» ብለው ቢቀመጡ ይነጋል። መጠበቅ ያለብዎት ከስር ያለውን የፒጂ መስመር ነው፦ ሁሉም «አክቲቭ ፕላስ ክሊን»።

11. ፓኬጁን በሦስቱም ኖድ ይጫኑ። በኤስኤስኤች ገብተው መጀመሪያ «ቲማክስ» ይክፈቱ። ላፕቶፕዎ ቢጠፋ ወይም ዋይፋይ ቢቆረጥ ቲማክስ ውስጥ ያለው ሥራ ይቀጥላል፤ ያለ እሱ መጫኑ መሃል ላይ ይቆረጣል። የሴፍን የሪፖዚተሪ ፋይል (ፓኬጁ ከየት እንደሚወርድ የተጻፈበትን) ከፍተው «ሪፍ» የሚለውን «ስኩዊድ» ያድርጉት፣ ከዚያ «አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት ፉል ዳሽ አፕግሬድ»።

በዚህ ጊዜ የተለወጠው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ነው፤ የሚሠሩት አገልግሎቶች ገና የድሮዎቹ ናቸው። «ሴፍ ቨርዥንስ» አሁንም 18.2 ቢል አይደንግጡ። አዲሱ የሚጀምረው እርስዎ በቅደም ተከተል ሪስታርት ሲያደርጉ ነው።

12. ሞኒተሮቹን አንድ በአንድ። በኖድ 1 ላይ «ሲስተም ሲቲኤል ሪስታርት ሴፍ ዳሽ ሞን ዶት ታርጌት»። ከዚያ «ሴፍ ዳሽ ኤስ» ብለው ሦስቱም ሞኒተሮች ኮረም ውስጥ መመለሳቸውን ይዩ። ኮረም ማለት ምልአተ ጉባኤ ነው፤ ከሦስት ሁለት ካልተገኙ ሞኒተሮቹ እንደ እድር ስብሰባ አንዳች ነገር መወሰን አይችሉም። ኖድ 2 እና ኖድ 3ን በዚሁ መንገድ ይቀጥሉ። መጨረሻ ላይ «ሴፍ ሞን ደምፕ» ሲሉ «ሚን ሞን ሪሊዝ» የሚለው መስመር ስኩዊድ ማለት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በኋላ ወደ ሪፍ መመለስ የለም። ሴፍ ከአዲስ ዋና እትም ወደ አሮጌ መውረድን አይፈቅድም።

13. ማናጀሮቹን። በየኖዱ «ሲስተም ሲቲኤል ሪስታርት ሴፍ ዳሽ ኤምጂአር ዶት ታርጌት»። ይህ ስታቲስቲክሱን የሚያቀርበው ክፍል ስለሆነ ለጥቂት ሰከንድ ግራፎች ቢጠፉ ዳታው ላይ የሚደርስ ነገር የለም።

14. ኦኤስዲዎቹን፣ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ። የሌሊቱ ዋና ሥራ ይኸ ነው። ሁለተኛ መስኮት ከፍተው «ዋች ሴፍ ዳሽ ኤስ» ይተዉበት፤ በየ2 ሰከንዱ ይታደሳል። በመጀመሪያው መስኮት «ሴፍ ኦኤስዲ ኦኬ ዳሽ ቱ ዳሽ ስቶፕ» ብለው የኖድ 1ን የኦኤስዲ ቁጥሮች ያስከትሉ፣ ለምሳሌ 0 1 2 3። ሴፍ ራሱ «ማውረድ ይቻላል» ካለ ብቻ «ሲስተም ሲቲኤል ሪስታርት ሴፍ ዳሽ ኦኤስዲ ዶት ታርጌት» ያስገቡ።

ስክሪኑ ላይ የሚያዩት እንዲህ ነው። 12 ኦኤስዲ ካለዎት «12 ኦኤስዲ፣ 12 አፕ፣ 12 ኢን» የነበረው «8 አፕ፣ 12 ኢን» ይሆናል። «ኢን» 12 ላይ የቆየው ኖአውት ስላለ ነው። «ዲግሬድድ» የሚለው ቁጥር ተነስቶ 33.333 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ያስፈራል፣ ግን ልክ ነው፤ ሦስት ቅጂ በሦስት ሰርቨር ሲሆን እያንዳንዱ ሰርቨር የሁሉንም ዳታ አንድ አንድ ቅጂ ይይዛል፣ አንዱ ሲወርድ ከቅጂዎቹ ሢሶው ይጎድላል። ኦኤስዲዎቹ ሲነሱ «አፕ» ወደ 12 ይመለሳል፣ የዲግሬድድ ቁጥርም ቁልቁል ይወርዳል። የሚቀዳው በወረዱበት ጊዜ የተጻፈው ለውጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊት ሥራ በሌለበት ይህ በደቂቃዎች ያልቃል።

ሁሉም ፒጂ «አክቲቭ ፕላስ ክሊን» ካለ በኋላ ተጨማሪ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። አንዳንድ ዲስክ ተነስቶ ወዲያው መልሶ ይወድቃል፤ አምስቱ ደቂቃ ያንን ያሳይዎታል። ከዚያ ወደ ኖድ 2፣ ከዚያ ወደ ኖድ 3።

አንድ ኦኤስዲ አልነሳም ካለ ቆም ይበሉ። የዚያን ኦኤስዲ ሎግ ያንብቡ፣ ዲስኩን በ«ስማርት» ይፈትሹ። ዲስኩ ሞቶ ከሆነ ትርፉን ተክተው ኮፒው እስኪያልቅ ሌላውን ኖድ አይንኩ። ያን ሌሊት ባይጨርሱም ችግር የለም፤ ኖድ 1 ስኩዊድ፣ ኖድ 2 እና ኖድ 3 ሪፍ ሆነው አብረው ይሠራሉ። ለዘለቄታው አይተዉት እንጂ ለቀናት ይችሉታል።

15. ማኅተሙን ያድርጉ። «ሴፍ ቨርዥንስ» ሁሉንም 19.2 ካለ «ሴፍ ኦኤስዲ ሪኳየር ዳሽ ኦኤስዲ ዳሽ ሪሊዝ ስኩዊድ» ያስገቡ። ይህ የድሮ ኦኤስዲ ከእንግዲህ እንዳይገባ ይዘጋል፤ እስኪያደርጉት ድረስ ስለዚሁ የሚያስታውስ ማስጠንቀቂያ አይጠፋም። የሴፍ የፋይል ሲስተም የሆነውን ሴፍኤፍኤስ የሚጠቀሙ ከሆነ ኤምዲኤስ የሚባሉትን አገልግሎቶቹን አሁን ያሻሽሉ፦ «ማክስ ኤምዲኤስ» ወደ 1 ያውርዱ፣ ተጠባባቂዎቹን ያቁሙ፣ ንቁውን ሪስታርት ያድርጉ፣ ተጠባባቂዎቹን ይመልሱ፣ ቁጥሩን ወደነበረበት ያድርጉ።

16. ኖአውትን ያንሱ። «ሴፍ ኦኤስዲ አንሴት ኖአውት»። አሁን «ሄልዝ ኦኬ» መምጣት አለበት። ይህን ረስተው የሚሄዱ አሉ፤ ከወራት በኋላ ዲስክ ሲሞት ሴፍ «ይመለሳል» ብሎ ዝም ይላል፣ ቅጂው ሁለት እንደሆነ ይቀራል።

ክፍል ሦስት፦ ፕሮክስሞክስን ማሻሻል (ሁለተኛው ሌሊት)

17. ፍተሻውን ያሂዱ። ሦስቱም ኖዶች የመጨረሻው 8.4 ላይ መሆናቸውን አረጋግጠው በየኖዱ «ፒቪኢ8ቱ9 ዳሽ ዳሽ ፉል» ያስገቡ። ይህ የሚያነብ እንጂ የሚለውጥ ነገር የለውም። «ፌይል» የሚል አንድም መቅረት የለበትም፤ «ዋርን» የሚለውን አንድ በአንድ ያንብቡ። ኡቡንቱ 16.04 ወይም ሴንትኦኤስ 7 የሆኑ ኮንቴነሮች በፕሮክስሞክስ 9 ላይ ስለማይነሱ አስቀድመው ወደ ቪኤም ወይም ወደ አዲስ ሲስተም ያዛውሯቸው።

18. የኔትወርክ ካርዶቹን አድራሻ ይጻፉ። «አይፒ ሊንክ» የሚያሳየውን የእያንዳንዱን ቀዳዳ ስምና ማክ አድራሻ በወረቀት ያስፍሩ። አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የካርዱን ስም ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ ሰርቨሩ ተነስቶ ኔትወርክ ላይ አይታይም። ወረቀቱ ካለ በስክሪን ገብተው የኢንተርፌስ ፋይሉ ላይ ስሙን ማረም የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

19. ኖድ 1ን ባዶ ያድርጉ። ኖአውትን እንደገና ያብሩ። ሰርቨር ሲወድቅ ቪኤሞቹን በሌላው ላይ የሚያስነሳውን ኤችኤ የሚጠቀሙ ከሆነ ኖዱን ወደ ሜንተናንስ ሁነታ ያስገቡ፤ ካልሆነ ቪኤሞቹን ሳይጠፉ ወደ ኖድ 2 እና 3 ያዛውሩ። እንቢ የሚል ቪኤም ካጋጠመዎት መጀመሪያ የሲዲ ቦታውን ይዩ፤ ሰርቨሩ ራሱ ላይ ያለ አይኤስኦ ተሰክቶ የተረሳ ነው ብዙውን ጊዜ። የሲፒዩ ዓይነቱ «ሆስት» የተባለ ቪኤም፣ ሰርቨሮቹ ሲፒዩአቸው የተለያየ ከሆነ፣ ሲዛወር ሊንጠለጠል ይችላል፤ እሱን አጥፍተው ያዛውሩ።

የዝውውሩ አቅጣጫ ከድሮ ወደ አዲስ ነው። የኖድ 1 ቪኤሞች ወደ 2 እና 3፣ ኖድ 1 ሲያልቅ የኖድ 2 ቪኤሞች ወደ ኖድ 1፣ የኖድ 3 ደግሞ ወደ 1 እና 2። ከአዲሱ ወደ ድሮው ሳያጠፉ ማዛወር ላይሳካ ስለሚችል፣ ወደ ተሻሻለ ኖድ የገባን ቪኤም በተቻለ መጠን ወደ ድሮው አይመልሱ።

20. ሪፖዚተሪውን ለውጠው ይጫኑ። «ቡክዎርም» የሚለውን የድሮውን የዴቢያን እትም ስም በሁሉም የሪፖዚተሪ ፋይሎች ውስጥ በአዲሱ ስም «ትሪክሲ» ይተኩ፤ የሴፍም መስመር አብሮ መለወጥ አለበት። ቲማክስ ውስጥ ሆነው «አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «አፕት ዲስት ዳሽ አፕግሬድ»። «አፕት አፕግሬድ» ብቻ አይበሉ፤ አሮጌ ፓኬጅ ማውጣት ስለማይችል ግማሽ ድሮ ግማሽ አዲስ የሆነ ሰርቨር ይተውልዎታል። በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ ያለውን «ሼል» መጠቀምም አይገባም፣ እሱ ራሱ ስለሚሻሻል መሃል ላይ ይዘጋል።

ስለ ኮንፊግ ፋይሎች ይጠየቃሉ። እርስዎ ያልነኩትን ፋይል አዲሱን ይቀበሉ። የነኩትን፣ ለምሳሌ የግራብና የኤስኤስኤች ፋይልን፣ «ዲ» ተጭነው ልዩነቱን ይዩና ይወስኑ። ሳያነቡ «የድሮውን አቆይ» እያሉ ማለፍ ጊዜው ያለፈበት ቅንብር ይዞ መቅረት ነው።

21. ሪቡት፣ ከዚያ መቁጠር። ሰርቨሩ ሲነሳ ሦስት ነገሮች ይዩ፦ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ላይ ሦስት ድምፅና «ኮሬት፦ የስ»፣ «ሴፍ ዳሽ ኤስ» ላይ ሁሉም ኦኤስዲ «አፕ»፣ ፒጂዎች ሁሉ «ክሊን»። ሦስቱም ካሉ አንድ ቀላል ቪኤም ወደዚህ ኖድ አምጥተው ከተጠቃሚ ኮምፒዩተር ይሞክሩት። ከዚያ ብቻ ኖድ 2። ሦስቱም ሲያልቁ ኖአውትን ያንሱ።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድ

ዩፒኤሱ ይዞ ጄኔሬተሩ ከተነሳ ሥራዎን ይቀጥሉ፣ ግን አዲስ ኖድ አይጀምሩ። ባትሪው ብቻ ከቀረ ቪኤሞቹን መጀመሪያ ያጥፉ፣ ሰርቨሮቹን በኋላ፣ ስዊቾቹን በመጨረሻ። ሰርቨሮቹን ቀድመው ካወረዱ የቀሩት ቪኤሞች ዲስካቸው ከስራቸው ይጠፋል።

መብራት ሲመጣ ወዲያው አያስነሱ፤ ሲመጣ የሚወዛወዘው ቮልቴጅ እስኪረጋ 10 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። መጀመሪያ ስዊቾቹ፣ መብራታቸው ሲረጋ ሦስቱን ሰርቨሮች ተከታትለው ያስነሱ። አንዱን ብቻ አስነስተው ቢጠብቁ «ክላስተር ኖት ሬዲ፣ ኖ ኮረም» ብሎ ቪኤም አያስነሳም፤ ሁለተኛው ሲመጣ ይፈታል። ፓኬጅ እየተጫነ የነበረው ኖድ ከሆነ «ዲፒኬጂ ዳሽ ዳሽ ኮንፊገር ዳሽ ኤ»፣ ቀጥሎ «አፕት ዳሽ ኤፍ ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ ዲስት አፕግሬዱን እንደገና።

ከሁሉ የከፉ ሁለት ስህተቶች

አንደኛው፣ የሁለት ሰርቨር ኦኤስዲዎችን በአንድ ላይ ማውረድ። ከሦስቱ ቅጂ አንዱ ብቻ ስለሚቀር ሴፍ መጻፍም ማንበብም ያቆማል፤ ቪኤሞቹ ይደርቃሉ። ይህ ራሱ ዳታ አያጠፋም። የአንዱን ሰርቨር ኦኤስዲዎች መልሰው ሲያነሱ ቪኤሞቹ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሁለተኛው ከዚህ ድንጋጤ የሚወለድ ነው፦ «ሚን ሳይዝን» ወደ 1 ማውረድ። ቪኤሞቹ ወዲያው ይነሳሉ፣ ሰውም እፎይ ይላል። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጻፈው ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ያ ዲስክ ቢሞት ሌሎቹ ሁለቱ ተመልሰው ቢመጡ እንኳ የያዙት አሮጌ ዳታ ነው፤ ሴፍም ያንን አውቆ አይከፍትልዎትም። የደረቀ ቪኤም ይነሳል፣ የጠፋ የታካሚ ካርድ ወይም የቁጠባ ሒሳብ ግን አይመለስም። ኦኤስዲዎቹን ያንሱ እንጂ ቁጥሩን አይንኩ።

በማግስቱ

ያጠፉትን የባክአፕ ሥራ መልሰው ያብሩ፣ ያጠፏቸውን የሙከራ ቪኤሞች ያስነሱ። «ሴፍ ኦኤስዲ ደምፕ» ላይ ኖአውት አለመኖሩን እንደገና ይዩ። የመጀመሪያው ሌሊት ባክአፕ ካለፈ በኋላ ሎጉን ከፍተው የሁሉንም ቪኤም ቁጥር ከዝርዝርዎ ጋር ያመሳክሩ፤ ከሪስቶር ሙከራው የተረፈውን ተጨማሪ ቪኤም የሚሰርዙት ያኔ ነው። ከመሰረዝዎ በፊት ቁጥሩን ለሁለተኛው ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት።